«አልቅት አያምም» አልኳት

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጽሑፍዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 44 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ 15 ዓመቱ። ታናሿ 11 ሞልቷታል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ የዝናብ ደን ውስጥ በእግሬ መሄድ እመኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ተሳካልኝ። ለዓመታት ስንቆጥብ የኖርነውን ይዘን አራታችንም ቦርኒዮ ደሴት፣ የማሌዥያዋ ሳባህ ግዛት ሄድን። «ኦራንጉታን እናያለን፣ ዝሆን እናያለን» እያልኩ ልጆቹን ሳጓጓ ነበር የከረምኩት።

በሁለተኛው ቀን 12 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ነበረን። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። መንገድ መሪያችን «ለትንሿ ይበዛባታል» ብሎኝ ነበር። «ችግር የለም፣ የኔ ልጆች ጠንካሮች ናቸው» አልኩት። ወበቁ አያስተነፍስም። ጭቃው ጫማ ይነቅላል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። ወዲያው ልጄ ጮኸች። አልቅት አንገቷ ሥር ተጣብቆባታል።

«ያመኛል! ያመኛል!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደክሞኛል። ከኋላችን ሌሎች ጎብኚዎች ቆመው ያዩናል። «አልቅት አያምም! አታጋኚ!» ብዬ ጮህኩባት። ወንድሟ በስልኩ ይቀርጻታል። መንገድ መሪው መጥቶ አነሳላት። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንስሳ የሚባል ነገርም አላየንም። በዚያ ሁሉ መንገድ ያየነው ጉንዳን፣ አንድ እንሽላሊትና የጦጣ ጭራ የሚመስል ነገር ነው።

አሁን እንደገና መሄድ እፈልጋለሁ። ያ ጉዞ እንደ ዕዳ ሆኖብኛል። ባለቤቴ «ልጁን ይዘህ ሂድ፣ እኔና እሷ እንቀራለን» ትላለች። ልጅቷን ስጠይቃት «እሺ፣ እሄዳለሁ» ትለኛለች። ባለቤቴ ግን «አንተን ደስ ይበልህ ብላ ነው እንጂ፣ ማታ ማታ እኔን የምትለኝ ሌላ ነው» አለችኝ። ምን እንደምትላት ብጠይቅ አትነግረኝም።

የቪዲዮው ነገርም አለ። ቤታችን ውስጥ መቀለጃ ሆኗል። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ይከፍተዋል፣ ሁላችንም እንስቃለን። እሷም ትስቃለች። ባለፈው ግን ገና ሲከፈት ተነስታ ክፍሏ ገባች።

እባክዎ ይንገሩኝ። ትምጣ ወይስ ትቅር? ወይስ ነገሩን ጭራሽ ልተወው? እግረ መንገዴን ደግሞ፣ ከሄድን ኦራንጉታን የማየት ዕድላችን ምን ያህል ነው?

የሁለት ልጆች አባት

*

ወንድሜ፣ «አንተ» ብዬ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ። እንደ ታናሽ ወንድሜ አይቼህ ነው።

በአልቅቱ ልጀምር።

ቦርኒዮ ደን ውስጥ መንገደኛ ላይ የሚወጣው አልቅት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ናቸው። ቡናማው መሬት ላይ፣ በረገፈው ቅጠል መሃል ነው የሚቆየው። ጫማ ላይ ይወጣና ካልሲ ውስጥ ይገባል። ሲነክስ አይታወቅም። ሰውየው የሚያውቀው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ደም ሆኖ ሲያገኘው ነው። ሌላው ጀርባው ላይ ደማቅ መስመር ያለው ነው፤ ታይገር አልቅት ይሉታል። እሱ ከመሬት ከፍ ይላል። ቁጥቋጦ ላይ፣ ቅጠል ጫፍ ላይ ሆኖ አላፊውን ይጠብቃል። አንተን ወገብህ ላይ የሚያገኝህ ቅጠል የ9 ዓመት ልጅን ደረቷና አንገቷ ላይ ያገኛታል። እና ይኼኛው ሲነክስ ይሰማል። ይቆጠቁጣል።

ከቦታውና ከጩኸቷ ስገምት ልጅህን ያገኛት ይኼ ነው። አላጋነነችም።

ይህን የምልህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም። «አልቅት አያምም» የሚለውን አንተ አልፈጠርከውም። ደን ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ስለ ቡናማው ከሆነ ደግሞ ልክ ነው። ደክሞሃል፣ ዝናብ ይወርድብሃል፣ ሰው ያይሃል፣ ስትመኘው የኖርከው ቀን ዓይንህ እያየ ይበላሻል። በዚያ ሰዓት ረጋ ብሎ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚል ስንት ሰው አለ? እኔ ራሴ መቻሌን እጠራጠራለሁ።

ግን ልጠይቅህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛው የቆየችው ንክሻውን ይመስልሃል? ንክሻው ጥቂት ቀን አሳክኳት ጠፍቷል። በሰው ፊት «አታጋኚ» መባሏስ? ገላዋ ላይ የሚሰማትን እሷ ታውቃለች። ከማንም በላይ የምታምነው ሰው ደግሞ የለም አላት። አንድ የ9 ዓመት ልጅ እዚህ ጋ ወይ «አባቴ ተሳስቷል» ትላለች፣ ወይ «ችግሩ እኔ ነኝ» ትላለች። ዝም ብላ የተመለሰችው የትኛውን ይዛ ይመስልሃል?

የቪዲዮው ጉዳይ ለነገ አይባልም። ዛሬ ማታ ልጁን ለብቻው ጥራው። እንዳትቆጣው። ሁላችሁም ስትስቁበት ለኖራችሁት ነገር አሁን እሱ ላይ ብቻ ማላከክ ደስ አይልም። «እኔም ስቄያለሁ፣ ልክ አልሠራሁም» በለው። ከዚያ ሁለታችሁ ወደ እሷ ሂዱና ስልኩን እጇ ላይ ስጧት። ካሰኛት ታጥፋው፣ ካሰኛት ለራሷ ታስቀምጠው። «እሷም ትስቃለች» ብለሃል። እውነት ነው፤ ሰው ሲሳቅበት አብሮ የሚስቀው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መውጫ ሲያጣ ነው። ባለፈው መውጫውን አገኘችው፣ ክፍሏ ገባች። ለእኔ ይኼ ከመጥፎ ምልክት ይልቅ ጥሩ ምልክት ነው።

ይቅርታውን ግን አንተ ብቻህን ነው የምትጠይቃት። ወንበር ስበህ ፊት ለፊት አታስቀምጣት፤ የ11 ዓመት ልጅ እንደዚያ ስትደረግ የተከሰሰች ነው የሚመስላት። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ስትሆኑ ወይም ዕቃ አብራችሁ ስታጥቡ ይሻላል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይቀላል። ቃሉን አንተ ታውቅበታለህ፣ እኔ ብሆን ግን እንዲህ ነበር የምለው፦ «ያኔ ደኑ ውስጥ ያመኛል ስትዪኝ አያምም አልኩሽ። የሚያም ዓይነት አልቅት እንዳለ አሁን ነው ያወቅኩት። ልክ ነበርሽ። ባያምም ኖሮ እንኳ ልጮህብሽ አይገባም ነበር። ይቅርታ።»

እዚህ ጋ አቁም። «ግን እኔም እኮ…» የሚል ነገር አትጨምር። ስለ አዲሱ ጉዞም በዚያ ቀን አታንሳ፤ ይቅርታህ የትኬት መግዣ እንዳይመስላት። ምናልባት «ኧረ ረስቼዋለሁ» ትልሃለች። ምናልባት ታለቅሳለች። ሁለቱም ይሁን። መልስ አትጠብቅባት።

ስለ ባለቤትህ ሁለት ነገር ልበል። ልጅቷ ማታ ማታ የምትነግራትን አልነገረችህም። ጎሽ ብያታለሁ። ልጅቷ የምትተነፍስበት አንድ ቦታ ሊኖራት ይገባል፣ ያን ቦታ አትነካካው። ሁለተኛው፣ ስለዚያ ቀን በጻፍከው ውስጥ ሁላችሁም አላችሁ፣ ባለቤትህ ግን የለችም። ያን ቀን ምን ሆና ነበር? ደኑን ወዳው ነበር? ፈርታ ነበር? ወይስ ቀኑን ሙሉ በአንተና በልጅቷ መሃል ሆና ስትጨነቅ ነው የዋለችው? «እኔና እሷ እንቀራለን» ስትል ለልጇ ብቻ ብላ ይሁን ለራሷም ጭምር፣ ጠይቃት። ስትመልስ ደግሞ ለመከራከር አትቸኩል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ትምጣ ወይስ ትቅር?

እንደ ያኛው ጉዞ ከሆነ ትቅር። አንተም ብትቀር ይሻልሃል። 12 ኪሎ ሜትር በጭቃ ለመራመድ ያን ሁሉ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ሌላ ዓይነት ጉዞ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ደኑ ላውራህ፣ ከቤተሰብህ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ እንዳይመስልህ።

ምንም ያላያችሁት ዕድላችሁ ሆኖ ብቻ አይደለም። የዝናብ ደን ኑሮው ላይ ነው፣ ዛፉ አናት ላይ። ፀሐዩም፣ አበባውም፣ ፍሬውም እዚያ ነው። መሬቱ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ቢሆን ነው። በ2019 በዚያው በሳባህ፣ ዳነም ሸለቆ ውስጥ አንድ ዛፍ ወጥተው ሲለኩት 100.8 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም ዛፍ እንደዚያ ባይሆንም 40 እና 50 ሜትር ብርቅ አይደለም። እናንተ ደግሞ እንዳትንሸራተቱ ቀኑን ሙሉ የምታዩት እግራችሁን ነበር። ኦራንጉታን ከላያችሁ ቁጭ ብሎ ቁልቁል አይቷችሁ ሊሆን ይችላል። እውነቴን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የቦርኒዮ ትልልቅ ዛፎች አብዛኞቹ ዲፕተሮካርፕ ከሚባለው ወገን ናቸው። እነዚህ ዛፎች በየዓመቱ አያፈሩም። ለዓመታት ዝም ይሉና አንድ ጊዜ ደኑ በሙሉ በአንድነት ያብባል፣ በአንድነት ያፈራል። በመሃል ባሉት ዓመታት ደኑ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል እንጂ ፍሬው ጥቂት ነው። ስለዚህ እንስሳቱ ተበታትነው ነው የሚኖሩት። አንድ ሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶ ምንም ሳያይ ቢመለስ አይገርምም። የዋርካና የሾላ ዘመዶች የሆኑት ዛፎች ግን በየተራ ዓመቱን ሙሉ ያፈራሉ። ብልህ መንገድ መሪ «የትኛው ሾላ አፍርቷል?» ብሎ ነው ጠዋት የሚነሳው። የተገኘው ዛፍ ሥር ትቀመጣላችሁ፣ ዝም ትላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። እንስሳቱ ራሳቸው ይመጣሉ።

ይኼን እኔ የተማርኩት በመከራ ነው። አንድ ጊዜ ደን ልሄድ አዲስ ጫማ ገዝቼ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ጓደኞቼ ቀጠሉ፣ እኔ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ተናድጃለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አጠገቤ ያለ ደረቅ ጭራሮ አንድ እግሩን አነሳ። ነፍሳት ነበር! ቆይቶ ሁለተኛውን አነሳ። ያቺን አንድ ክንድ የማትሞላ መንገድ እስኪያቋርጥ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጓደኞቼ ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ ምን አያችሁ ብላቸው «መንገዱን» አሉኝ።

አንተ የነገርከኝ እንሽላሊትም እንዲሁ ነው። ቦርኒዮ ውስጥ ጎናቸው ላይ ያለውን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፉ እንሽላሊቶች አሉ። ያያችሁት ከእነሱ አንዱ ከሆነ፣ አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ሲበር ያየው ነበር። 12 ኪሎ ሜትር የሚቀረው ሰው ግን አምስት ደቂቃ የለውም።

ልብ በል። አንተ ስትሸሸው የኖርከው የልጅህ ፍጥነት፣ ለዚያ ደን ትክክለኛው ፍጥነት ነው። እሷ «ደከመኝ» ባለችበት ብትቀመጡ ኖሮ የምትፈልገውን የማየት ዕድልህ ይጨምር ነበር። ልጁም አያጣም። የ15 ዓመት ጎረምሳ መሮጥ መፈለጉ ያለ ነው፤ አንዱን ቀን አንተና እሱ ብቻችሁን ረጅሙን መንገድ ሂዱ፣ እናትና ልጅ በዚያ ቀን የፈለጉትን ያድርጉ። አራታችሁም በአንድ ገመድ ታስራችሁ መዋል የለባችሁም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ወንዙን አስቡት። ሳባህ ውስጥ ኪናባታንጋን የሚባል 560 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወንዝ አለ። እዚያ እንስሳ የሚታየው ከጀልባ ላይ ነው። ጭቃ የለም፣ ቅጠል ላይ የሚጠብቅ አልቅት የለም። ጠዋት በማለዳና ወደ ማታ ነው የሚወጣው። አፍንጫቸው ተንጠልጥሎ አፋቸው ላይ የሚደርስ ጦጣዎች አሉ፣ ከቦርኒዮ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ማታ ለመተኛት ወንዙ ዳር ወዳሉት ዛፎች ይሰበሰባሉ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ፣ ሲጣሉ፣ ቦታ ሲሻሙ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ዝሆኖቹም አንዳንዴ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። አዞም ስላለ እጅ ከጀልባው ውጪ አይንጠልጠል።

እውነቱን ለመናገር እንስሳቱ ወንዙ ዳር የበዙበት አንዱ ምክንያት ደስ አይልም። ዙሪያው የነበረው ደን ብዙው ተመንጥሮ የዘይት ዘንባባ እርሻ ሆኗል። የቀራቸው ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን የደን መቀነት ነው። ይኼን ለልጁ ንገረው። ስልኩን ይዞ የሚቀርጸው ነገር ከፈለገ፣ ከእህቱ ልቅሶ የተሻለ ታሪክ እዚያ አለለት።

እሷን እንዴት ትጠይቃታለህ? «ትመጫለሽ?» ብለህ አትጠይቃት። ለእሱ መልሷ «እሺ» ነው፣ ሰምተኸዋል። አባቱን ደስ ማሰኘት የለመደ ልጅ ሌላ መልስ የለውም። ይልቅ ካርታውን ዘርጋና ምርጫ ስጣት። ወንዙ ብቻ? ወንዙና የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ? ወይስ ዛፎቹ አናት መሃል የተዘረጋው ተንጠልጣይ ድልድይ? ወይስ እናቷ ጋ ቤት መቅረት? የመጨረሻውን እንደ ሌሎቹ በተመሳሳይ ድምፅ በለው። እሱን ስትናገር ፊትህ ከወደቀ ምርጫ መሆኑ ቀረ። ለመወሰን አንድ ሳምንት ስጣት፣ መልሷን በጽሑፍም ቢሆን ለእናቷም ብትነግራት ይቻላል።

እመጣለሁ ካለች አንድ የማቆሚያ ቃል ትምረጥ። ማንኛውም ቃል ይሁን፤ አስቂኝ ቢሆን ይሻላል። ከአራታችሁ ማንም ቃሉን ካለ ሁሉም ባለበት ይቆማል። «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ የምትጠቀምበት አንተ ሁን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ። አባቷ ደከመኝ ብሎ ሲቆም ትየው።

ከመሄዳችሁ በፊትም ሁለት ሦስት ቅዳሜ አጭር መንገድ ተለማመዱ። በምትሄዱበት ጫማ ይሁን፤ የኔን ተረከዝ አስታውስ። አንዱን ቀን እየዘነበ ውጡ። እርጥብ ልብስ ለብሶ መሄድ ምን እንደሚመስል ቤቷ አጠገብ ብታውቀው፣ እዚያ ስትደርስ አዲስ አይሆንባትም።

የሕክምናውን ነገር ባጭሩ። ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ተኩል አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሳባህ ውስጥ ከጦጣ ወደ ሰው በትንኝ የሚተላለፍ የወባ ዓይነት አለ። ደንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታም አለ፣ የእሱ ትንኝ በቀን ነው የሚነክሰው። ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም፤ ቀንም የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። ዝናቡ የሚበረታው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ብትመርጡ አልቅቱም ይቀንሳል።

ከአልቅት ጋር ከተገናኛችሁ ደግሞ ጨው አትነስንሱበት፣ በእሳትም አትንኩት። ሲደነግጥ ሆዱ ውስጥ ያለውን ቁስሉ ላይ ሊተፋው ይችላል። ጥፍርን በቀጭኑ ጫፉ በኩል፣ በቆዳውና በአፉ መሃል አስገብቶ መግፋት ነው፤ ይለቃል። ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል። ምራቁ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለው ነው፣ አንዳንዴ ሰዓታት ይቆያል። አጥባችሁ ጨርቅ አድርጉበት። ይኼን ሁሉ ለልጅህ አስቀድመህ ንገራት። «ሊነክስሽ ይችላል፣ ሊቆጠቁጥሽ ይችላል፣ እንዲህ ይነሳል።» ልጅን የሚያስፈራው ያልተነገረው ነው። «ምንም የለም» ብለህ ከወሰድካትና ካለ፣ ከእንግዲህ የምትለውን አታምንህም።

ነገሩን ሁሉ አድርገህ አሁንም «አልሄድም» ልትልህ ትችላለች። ያኔ አትኩረፍ። ከወንድ ልጅህ ጋር ሂድ፣ ማታ ማታ ደውልላት። ያየኸውን ስትነግራት «ብትመጪ ኖሮ» አትበላት።

ስለ ኦራንጉታኑ ጠይቀኸኛል። ማንም ዋስትና አይሰጥህም። ኦራንጉታን እንደ ጦጣ በመንጋ አይሄድም፣ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ወንዙ ዳር ያፈራ ሾላ ከተገኘ ዕድላችሁ ጥሩ ነው። መንገድ መሪዎቹ ጎጆውን ይፈልጋሉ፤ በየማታው ቅርንጫፍ አጣጥፎ አዲስ መኝታ ይሠራል። ቁርጥ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ሳንዳካን ከተማ አጠገብ ሴፒሎክ የሚባል ማዕከል አለ። ከ1964 ጀምሮ እናታቸውን ያጡ ግልገሎችን ተቀብሎ እያሳደገ ወደ ደን ይመልሳል። የእንጨት መተላለፊያ ላይ ቆማችሁ ምግብ ሲመጣላቸው ታያላችሁ። እዚያ ያሉት ሙሉ በሙሉ የዱር አይደሉም፣ ያን ለልጆቹ አትደብቋቸው። ከእናንተ ጉንፋን የያዘው ካለ ደግሞ በዚያ ቀን ይቅር፤ የሰው ጉንፋን ይይዛቸዋል።

ልጅህ ስለ እናቲቱ ብታነብ ደስ የሚላት ይመስለኛል። ኦራንጉታን ልጇን ሰባት ስምንት ዓመት አብራት ታኖራለች። የትኛው ፍሬ መቼ እንደሚበስል፣ ጎጆ እንዴት እንደሚሠራ በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጁ እያየ ይማራል። መጀመሪያዎቹን ዓመታት ገላዋ ላይ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። ኦራንጉታን የሚለው ስም በማላይ ቋንቋ «የደን ሰው» ማለት ነው።

አልቅት የማያስገባውን ካልሲ ከመሄዳችሁ በፊት ግዙ። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ፣ ሱሪ ላይ ተጎትቶ ጉልበት የሚደርስ ነው። የልጅ መጠን እዚያ ላታገኙ ትችላላችሁ። ለእሷ ግን ካልሲ ብቻ አይበቃም፣ ያኔ የነከሳት አንገቷን ነው። ኮሌታው የሚዘጋ ሸሚዝና አንገት ላይ የሚጠመጠም ስስ ጨርቅ ጨምርላት። ቀለሙን እሷ ትምረጥ።